አንድ ኮድ፣ ሁለት ጉልበት፦ ኮምፓይለር የቼዝ ፕሮግራምን ደረጃ እንዴት ይለውጣል?

ሐዋሳ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ስቶክፊሽ የተባለውን የቼዝ ፕሮግራም በተመሳሳይ ላፕቶፕ ጭነው ቢያጋጥሙ፣ እትሙ አንድ ሆኖ ሳለ አንደኛው በጥቂቱም ቢሆን ሊበልጥ ይችላል። ለምን?

ስቶክፊሽ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ሰው የጻፈውን ኮድ ግን ኮምፒውተር በቀጥታ አይረዳውም፤ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይርለት ኮምፓይለር ያስፈልጋል። ጂሲሲና ክላንግ በስፋት የሚታወቁት ናቸው። ሁለቱም ሐሳቡን ሳይለውጡ፣ አንዱ ከሌላው ይልቅ ፈጣን አድርጎ ሊያስቀምጠው ይችላል።

በቼዝ ፕሮግራም ደግሞ ፍጥነት ጉልበት ነው። በሰከንድ ብዙ አቋሞችን የመረመረ አርቆ ያያል። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ በአስር ቤት የሚቆጠር የኢሎ ነጥብ ይገኛል። በጂሲሲና በክላንግ መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት በመቶ ስለሆነ የሚያስገኘው ጥቂት ነጥብ ነው። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ኮዱ ያለ ማፍጠኛ ትዕዛዝ ሲቀየር ወይም የፕሮሰሰሩን አዳዲስ መመሪያዎች ሳይጠቀም ሲቀር ነው። በ2020 ስቶክፊሽ 12 የነርቭ መረብ ስሌት ከጨመረ ወዲህ ይህ ይበልጥ ይታያል።

በኢሎ ስሌት የ100 ነጥብ ብልጫ ያለው ከ100 ጨዋታ 64 ነጥብ ያህል ይጠበቅበታል፤ የ10 ነጥብ ብልጫ ያለው ግን 51 ተኩል ገደማ ብቻ። ስለዚህ ትንሽ ልዩነትን ለማረጋገጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ጨዋታዎች ያስፈልጋሉ፤ በ20 ጨዋታ መፍረድ አይቻልም።

የፍትሕ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም የሚማር ወጣት የራሱን ፕሮግራም ጽፎ ቢያወዳድር፣ ያነሰው በሐሳቡ ድክመት ሳይሆን ኮዱ በተቀየረበት መንገድ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ደረጃ የሚለካው የልጁን ሥራ ሳይሆን መሣሪያውን ነው።

ሚዛኑን ለማስተካከል፦

1. ሁሉንም ተወዳዳሪዎች በአንድ ኮምፓይለርና በተመሳሳይ የማፍጠኛ ትዕዛዝ ማዘጋጀት፤
2. በአንድ ዓይነት ማሽንና በእኩል ሰዓት ማጫወት፤
3. ከውጤቱ ጋር የኮምፓይለሩን ስምና እትም መግለጽ።

ፍጥነትን ከሐሳብ ለመለየት ደግሞ ሁለቱ ቅጂዎች በሰዓት ሳይሆን በእኩል የአቋም ብዛት ይፈተኑ። በአንድ የስሌት መስመር ብቻ ሲሠሩ ከአንድ ኮድ የወጡ ትክክለኛ ቅጂዎች ያንኑ እርምጃ ይመርጣሉ። ካልመረጡ ችግሩ የፍጥነት አይደለም፤ ከኮዱ ወይም ከአቀያየሩ ስህተት አለ ማለት ነው።