ባትሪው ምን አጠፋ?

ጠዋት ቁልፉን ሳዞር መኪናዬ «ጠቅ» ብላ ዝም አለች። የክሩስኮቱ መብራቶች ፈዘዙ። ዘበኛው፣ ጎረቤቴና አንድ መንገደኛ ሳይመካከሩ አንድ ፍርድ ሰጡ፦ «ባትሪው ሞቷል!» በግፊ አስነሱልኝ፤ ሄጄ አዲስ ገዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት አዲሱም ሞተ። ብዙ ባለመኪና ይህን ታሪክ ከኪሱ ከፍሎ ያውቀዋል።

ባትሪ ጎተራ ነው፤ ያስቀምጣል እንጂ አያመርትም። ውስጡ እርሳስና አሲድ የያዙ ስድስት ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፣ የሞላ ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል። ከጎተራው በአንድ ጊዜ ብዙ የሚዝቀው ሞተሪኖ ነው፤ ሞተሩን ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንዶች ከ100 አምፔር በላይ ይስባል።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ተራው የገበሬው፣ የዲናሞው ነው። ዲናሞ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ እየተሽከረከረ መብራቱንም ሬዲዮኑንም ይቀልባል፤ የተረፈውን ወደ ጎተራው ይመልሳል። የጥንቱ ዲናሞ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ቦታውን የወረሰው ኦልተርኔተር የሚያመነጨው ግን ተለዋዋጩን ነው፤ ለባትሪው እንዲስማማ የሚያቀኑት ዳዮዶች ናቸው። ዕቃው ተቀየረ፣ ስሙ ግን በጋራዥ ቋንቋችን ቀረ።

የእኔን ነገር የፈታው የመኪና ኤሌክትሪሺያን በመጀመሪያ ያነሳው ቴስተር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ 12.1 ቮልት አነበበ። ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4 መድረስ ነበረበት፤ እዚያው 12 ላይ ቆመ። ዲናሞው ሲፈታ፣ ሁለቱ ትንንሽ ካርቦኖች አልቀው አንዴ እየነኩ አንዴ እየተዉ ኖሯል። አዲሱ ባትሪ ሦስት ሳምንት የከረመው በዚያች ቁራጭ ቀለብ ነው። ካርቦኖቹን ለማስቀየር የከፈልኩት ከባትሪው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

ገበሬው ጤነኛ ሆኖም ጎተራው ሊራቆት ይችላል። አንዳንዴ መንገዱ ይዘጋል፦ የባትሪው ራስ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ሲያወጣ ወይም ማሰሪያው ሲላላ፣ ኮረንቲው እያለ አያልፍም። ይህን ማጽዳትና ማጥበቅ ብቻ ያድነዋል። አንዳንዴ ደግሞ ሌባ አለ፦ ሳይጠፋ የቀረ የዕቃ መጫኛ መብራት፣ በኋላ የተገጠመ ማንቂያ ወይም ቴፕ ሌሊቱን ሙሉ ይጠባል። ቆሞ ያደረ መኪና በአብዛኛው ከ50 ሚሊአምፔር በላይ መሳብ የለበትም።

አንድ የድሮ ልማድ ግን መተው አለበት። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚል መካኒክ ዛሬም አይጠፋም። ባትሪ ድንገት የሚዘልን ቮልቴጅ ያበርዳል፤ እሱ ሲነቀል ዝላዩ በቀጥታ ወደ መኪናው ኮምፒውተር ይሄዳል። ኮምፒውተር ከተቃጠለ የካርቦን ዋጋ የት ይደርሳል?

«የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቼ እገላገላለሁ» የሚልም አለ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ ወሬ በርክቷል። በእርግጥ እነዚህ መኪናዎች ዲናሞ የላቸውም። ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅስ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ግን አብዛኞቹ አላቸው፤ የምትቀለበውም ከትልቁ ባትሪ ቮልቴጅ ቀንሶ በሚሰጥ መለወጫ ነው። እሷ ከደከመች፣ ትልቁ ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቶም መኪናው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ያን ጊዜም ጥያቄው አይቀየርም፦ ጎተራው ነው፣ ቀላቢው፣ መንገዱ ወይስ ሌባው?

የመጀመሪያው ባትሪዬ ደህና ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። አዲሱን ስገዛ ዋጋ ይቀነስልኝ ብዬ ለሻጩ አስረክቤዋለሁ፤ ማንም ቴስተር ሳያስነካው።