የኮምፒዩተር እድሳት ሲቋረጥ ቤተ ሰብ ሊያደርገው የሚገባ ነገር

ማናቸውም ቤት ምንም ያህል በብልኀት ቢሠራ፥ ዘወትር እየተመለከተ የሚያድሰው ሰው ከሌለው፥ ከጥቂት ዘመን በኋላ ጣራው ማፍሰስ፥ ግድግዳውም መሰንጠቅ ይጀምራል። ዳሩ ግን ጣራ ሲያፈስ ጠብታው ራሱ ለባለቤቱ ይነግረዋል። በየቤታችን ያለው ኮምፒዩተር እድሳቱ ሲቋረጥበት እንዲህ ያለ ምልክት አያሳይም። ዛሬም እንደ ትናንት ይበራል፤ ደብዳቤ ይጻፍበታል፤ የልጆችን ፎቶግራፍ ያሳያል። ባለቤቱም ይህን አይቶ ደኅና ነው ብሎ ይቀመጣል። አደጋው ያለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ስለ ሆነ፥ የእድሳቱ መቋረጥ እንዴት እንደሚታወቅና በምን እንደሚቃና ለተከበራችሁ አንባቢዎች ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን። የምንጽፋቸው ዘመኖችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በብዙ ቤት ያለው ኮምፒዩተር የሚተዳደረው ዊንዶውስ በሚባለው ፕሮግራም ነው። ይህነንም የሚያወጣው ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም እጅግ ሰፊና ረቂቅ ስለ ሆነ፥ ከወጣ በኋላ ክፉ ሰዎች ሾልከው የሚገቡበት ቀዳዳ ይገኝበታል። ኩባንያውም ቀዳዳውን የሚደፍነውን እየሠራ በኢንተርኔት ይልካል፤ እድሳት ወይም አፕዴት የሚባለው ይህ ነው። በ1998 ዊንዶውስ 98 በወጣ ጊዜ እድሳቱን ባለቤቱ ራሱ እየጠየቀ ይወስድ ነበር። በ2000 ከወጣው ዊንዶውስ ሚ ጀምሮ ግን ኮምፒዩተሩ በራሱ ጠይቆ እንዲቀበል ተደረገ። ከ2003 ኦክቶበር ወር ወዲህ ደግሞ ዋናው የደኅንነት እድሳት በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ቀን እንዲወጣ ተወሰነ።

እድሳትን ቸል ማለት ምን እንደሚያመጣ በ2017 የሆነው ነገር ይመሰክራል። ማርች 14 ቀን ማይክሮሶፍት አንድ ብርቱ ቀዳዳ የሚደፍን እድሳት አወጣ። ከ59 ቀን በኋላ፥ ሜይ 12 ቀን፥ ዋናክራይ የተባለ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ እየገባ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ። የገባበትን ኮምፒዩተር ሰነድ በምስጢር ጽሕፈት ቈልፎ ለመክፈቻው 300 የአሜሪካ ዶላር ቤዛ ይጠይቅ ነበር። በ150 አገር ያህል ከ200000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮች ተያዙ፤ በእንግሊዝ አገርም በመንግሥት ሐኪም ቤቶች ከ6900 በላይ የበሽተኞች ቀጠሮ ተሰረዘ። ከተያዙት የሚበዙት በዊንዶውስ 7 የሚሠሩ ነበሩ፤ ለዊንዶውስ 7 ደግሞ እድሳቱ በማርች ወር ወጥቶለት ነበር። መድኀኒቱ በደጃፍ ቆሞ ሳለ የሚከፍትለት ጠፋ ማለት ነው።

እንግዲህ የቤቱ ባለቤት በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያኖረውን ያስብ። የቤቱ ካርታ ቅጅ፥ የባንክ ደብዳቤ፥ የልጆች የትምህርት ምስክር ወረቀት፥ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ፎቶግራፍ በዚያ ይገኛሉ። እነዚህ አንድ ጊዜ ከተቈለፉ ገንዘብ ቢከፈልም መመለሳቸው እርግጥ አይደለም።

መቋረጡን ለማወቅ ሴቲንግስ የሚባለውን ገበታ ከፍቶ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን መጫን ነው። በዚያ ኮምፒዩተሩ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደ ጠየቀ ተጽፎ ይገኛል። አፕዴት ሂስትሪ በሚለው ክፍል ደግሞ የገቡት እድሳቶች ከነቀናቸው ተዘርዝረዋል። ከአንድ ወር በላይ ምንም ሳይገባ ከቆየ፥ ወይም ፌይልድ የሚል ቃል፥ ይኸውም አልተሳካም ማለት ነው፥ ደጋግሞ ከተጻፈ እድሳቱ ታውኳል። ከስሕተቱ ጋራ የሚጻፈውን ቍጥር በወረቀት መገልበጥ ይገባል፤ ለሚጠግነው ሰው መንገዱን የሚመራው እርሱ ነውና። ለምሳሌ መጨረሻው 80070070 የሆነው ቍጥር፥ የማኖሪያው ሥፍራ ሞልቷል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይቸኵልና «ሁሉ ጠፍቶ እንደ ዐዲስ ይጫንልኝ» ይላል። ይህ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ቤቱን እንደሚያፈርስ ያለ ነው። ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ ከባዱ አንድ በአንድ መሞከር ይሻላል። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው አያውቅም።

1ኛ፤ ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ማስነሣት ነው። ብዙ እድሳት ከወረደ በኋላ ሥራውን የሚጨርሰው ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ነው። በየማታው ክዳኑን ብቻ እየዘጋ የሚያሳድር ሰው እድሳቱን በደጅ ያቆመዋል። ለዚህም ሪስታርት የሚለውን መምረጥ ይገባል። ተራው መዝጊያ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የሥርዐቱን ከፊል እንደ ነበረ አስቀምጦ ስለሚተኛ፥ እንደ ሪስታርት ሁሉን ከመጀመሪያው አያስነሣም።

2ኛ፤ ቀኑንና ሰዓቱን መመልከት ነው። በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትደክም ሰዓቱ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመለሳል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ እድሳቱን የሚልክለት በእውነት ማይክሮሶፍት መሆኑን የሚያረጋግጠው ቀን በተጻፈበት ማኅተም ነው። ቀኑ ከተሳሳተ እውነተኛውን ማኅተም ጊዜው ያልደረሰ መስሎት ይመልሰዋል።

3ኛ፤ ሥፍራ መኖሩን ማየት ነው። እድሳቱ የሚወርድበትና የሚፈታበት ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል፤ 20 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቢሆን መልካም ነው። ስቶሬጅ በሚለው ክፍል ጊዜያዊ የሆኑትን ፋይሎች ማጥፋት ይቻላል። ዳሩ ግን ዳውንሎድስ የሚባለው ማኅደር ከሚጠፉት ጋራ ተቈጥሮ እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባል፤ ብዙ ሰው ዋና ሰነዱን የሚያኖረው በዚያ ነውና።

4ኛ፤ የኢንተርኔቱን መንገድ መመርመር ነው። ኢንተርኔት በልክ እየተገዛ በስልክ በኩል በሚገባበት ቤት፥ ገንዘብ ለመቈጠብ ተብሎ መስመሩ ሜተርድ፥ ማለት በልክ የሚከፈልበት ነው ተብሎ ተመዝግቦ ይሆናል። ይህ ምልክት ካለ ዊንዶውስ አብዛኛውን እድሳት በራሱ አያወርድም። ምልክቱን አንሥቶ እድሳቱ ሲያልቅ መመለስ ይቻላል። ደግሞም ከቤተ ሰቡ አንዱ ፖዝ የሚለውን ተጭኖ እድሳቱን ለጊዜው አግዶት እንደ ሆነ ማየት ነው።

5ኛ፤ ሆን ብሎ የዘጋው ሰው መኖሩን መጠየቅ ነው። አንዳንድ ጠጋኝ ኮምፒዩተሩ እንዲፈጥን ወይም የኢንተርኔቱ ወጪ እንዲቀንስ ብሎ የእድሳቱን አገልግሎት ለባለቤቱ ሳይነግር ይዘጋዋል። ሰርቪስስ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ዲሴብልድ ተብሎ ከተገኘ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ማንዋል ወደሚለው መመለስ ይገባል። ኮምፒዩተሩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነና መሥሪያ ቤቱ እንደሚያዝበት የሚገልጽ ቃል በገበታው ላይ ከተጻፈ ግን፥ ሠራተኛው በገዛ እጁ ሳይነካው ለሚመለከተው ክፍል ያስታውቅ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተቃና ጉዳቱ ከውስጥ ነው። መብራት ድንገት በእድሳት ጊዜ ሲጠፋ የወረደው ጽሑፍ በግማሽ ይቀራል፤ ኮምፒዩተሩም በየቀኑ ያንኑ የተበላሸ ቅጅ እያነሣ ይሰናከላል። በመጀመሪያ ትራብልሹተር የሚባለውን የዊንዶውስን መመርመሪያ ማስነሣት ነው። ካልረዳ፥ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ዊንዶውስ አፕዴትና ቢትስ የተባሉትን አገልግሎቶች ለጊዜው አቁሞ፥ በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን የሚባለውን ክፍል ስሙን ይለውጠዋል። አገልግሎቶቹ ሲነሡ ዊንዶውስ በዚያ ስም ዐዲስ ማኅደር ከፍቶ ሁሉን እንደ ገና ያወርዳል። ከዚህ በኋላ የቀድሞው የእድሳት ዝርዝር ከገበታው ቢጠፋ ማንም አይደንግጥ፤ የጠፋው መዝገቡ ነው እንጂ የገባው እድሳት አይደለም።

የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች ተጎድተው እንደ ሆነ ደግሞ ዲስም የተባለው ትእዛዝ ንጹሕ ቅጂ ያመጣል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ኤስ ኤፍ ሲ የተባለው የተበላሸውን በደኅናው ይለውጣል። ዲስም ንጹሑን ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው በዚያው በእድሳቱ መንገድ ስለ ሆነ፥ መንገዱ ፈጽሞ ከተዘጋ ከመጫኛው ዲስክ እንዲወስድ ማዘዝ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ብልኀት ሰነዱንና ፕሮግራሙን ሳይነኩ ዊንዶውስን በላዩ መልሶ መጫን ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ከከባዶቹ አንዱም ከመጀመሩ በፊት ዋና ዋናው ሰነድ ሁሉ ወደ ሌላ ማኖሪያ ይገልበጥ።

ከዚህም ሁሉ የተለየ፥ ጠጋኝ የማያቃናው አንድ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ኩባንያው ራሱ ማደሱን ያቆመ እንደ ሆነ ነው። ዊንዶውስ 7 ጃንዋሪ 14 ቀን 2020፥ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ እድሳታቸው ተፈጸመ። በዊንዶውስ 10 ለሚሠሩ ተመዝጋቢ ቤተ ሰቦች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚደርስ የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት እድሳት ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ዊንዶውስ 11 ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል ስለሚፈልግ ሁሉን አሮጌ ኮምፒዩተር አይቀበልም። ስለዚህ ለጥገና ገንዘብ ከመክፈል በፊት ዊንዶውሱ ስንተኛው እንደ ሆነ መጠየቅ ብልኀት ነው።

አንዳንድ ሰው እድሳት ራሱ ጉዳት ያመጣል ብሎ ይፈራል። ፍርሀቱ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው ሌላ የጥበቃ ኩባንያ ስሕተት ያለበት እድሳት ስለ ላከ፥ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ቆመው ብዙ አውሮፕላን ከመብረር ቀረ። ነገር ግን በዚያ ጊዜ የተበላሸው ያን ኮምፒዩተሮች ማስነሣት ነበር፤ በ2017 የተያዙት ግን ሰነዳቸው በሌባ እጅ ገባ። የሚፈራ ሰው እድሳቱን ጥቂት ቀን ቢያቆየው አይነቀፍም፤ ፈጽሞ መዝጋት ግን ጣራ ጠጋኙ ድስት ሰበረ ብሎ በዝናም ወራት ያለ ጣራ እንደ መቀመጥ ይቈጠራል።

ስለዚህ በየቤቱ ከልጆችም ቢሆን አንድ አስተዋይ ሰው ለዚህ ሥራ ይመደብ። በየወሩ ከሁለተኛው ማክሰኞ በኋላ በሚውለው ቅዳሜ የእድሳቱን ገበታ ከፍቶ የመጨረሻውን ቀን ይመልከት፤ በደብተርም ይጻፈው። ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ባለፈው ወር የተጻፈውና ዛሬ የሚታየው ቀን አንድ ከሆነ ግን ኮምፒዩተሩ ምንም ደኅና ቢመስል እድሳቱ ቆሟልና፥ ምርመራው በዚያው ቀን ይጀመር።