ያውቁ ኖሯል? ሰጪና ተቀባይ ሲምታታ

«ቦሮው ሚ ዩር ፔን!» ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ይህን ያላለ ተማሪ ማን ነው? ምስኪኑ እስክርቢቶ ሊለምን ነበር፤ «እስክርቢቶህን ተዋሰኝ» ብሎ አረፈው!

እንግሊዝኛ ለሚሰጠው ሌንድ፣ ለሚቀበለው ቦሮው ይላል። ሁለቱ ቃላት ዘመድ እንኳ አይደሉም! እኛ ዘንድ ግን አንድ ሥር ይበቃል፦ አዋሰ፣ ተዋሰ። የምትለወጠው አንዲት ፊደል ናት! ታዲያ በልጁ ይፈረዳል?

ጀርመኖችማ ባሰባቸው። ላይኸን የሚሉት ግሳቸው መስጠትም መቀበልም ነው!

ዱቄት ቢያልቅብዎት ከጎረቤት ይበደራሉ። ወንፊት ቢያጡ ግን ይዋሳሉ! ዱቄቱ ተጋግሮ ተበልቷል፤ የሚመልሱት ሌላ ዱቄት ነው። ወንፊቱ ግን ራሱ ተመልሶ ይሄዳል! ለእንግሊዙ ሁለቱም ያው ቦሮው ነው። ይህን የመሰለ ልዩነት አለማየት፣ መቼም የእነሱ ጉድለት ነው!

አዳማ ገበያ ከገቡ ጆሮዎን ይስጡ! ኦሮምኛም እንደ አማርኛው ይለያል፦ ዕቃ ሲሆን ኤርጊፈቹ፣ ገንዘብ ሲሆን ሊቄፈቹ! ማዋሱ ኤርጊሱ፣ ማበደሩ ሊቄሱ። እዚህም ሰጪና ተቀባይ በአንድ ሥር ያድራሉ!

ወደ እንግሊዝኛው እንመለስ! ሌንድ ጫፉ ላይ ያለችው «ድ» ጥንት አልነበረችም። ከኃላፊ ጊዜው ሾልካ ገብታ በዚያው ቀረች!

ይህን ደግሞ ይስሙ! ቦሮው የተወለደው ቦርግ ከሚል የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ነው። ትርጉሙ? መያዣ፣ ዋስ! የእኛ መዋስስ ከማን ጋር ሥር ይጋራል? ከዋስ ጋር! ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ ሐሳብ ላይ ተገናኙ!

ቋንቋም ይዋሳል። ፎርኖና ማኪያቶ ከጣሊያንኛ፣ ለገሃር ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። እስከ ዛሬ አልመለስናቸውም፤ ጠያቂም አልመጣ!

ከተማም ይዋሳል! አዳማ ትጠራበት የነበረው ናዝሬት የሚለው ስም የመጣው ከመጽሐፍ ቅዱሱ ከተማ ነው። ጎረቤቷ ቢሾፍቱም የኢየሩሳሌሙን ተራራ ስም ተውሳ ደብረ ዘይት ተብላ ነበር! በኋላ ሁለቱም የተዋሱትን መለሱ፤ አዳማ እ.ኤ.አ. በ2000 በይፋ ወደ ጥንት ስሟ ገባች።

የመናኸሪያ ረዳቶች ግን ዛሬም «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያሉ ይጣራሉ!