«ዋና እችላለሁ እኮ!»

ካናዳ፣ ካልጋሪ የሚኖር አንድ ወዳጄ ዩኮን ወንዝን ብቻውን በታንኳ ሊወርድ ተነሥቷል፤ ከዋይትሆርስ እስከ ዳውሰን፣ 715 ኪሎ ሜትር ግድም። የጓዙን ፎቶ ሲልክልኝ ላይፍ ጃኬቱ ተጠቅልሎ ከድንኳኑ ጋር ታስሯል። «ለምን አትለብሰውም?» ብለው፣ «ባሕር ዳር ተወልጄ ጃኬት? ዋና እችላለሁ እኮ!» አለኝ።

ይህን የሚለው እሱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ብቻቸውን ወንዝ የሚወርዱ ሰዎች በሚለቁት ቪዲዮ ላይ ጃኬቱን እንደ ትራስ ተቀምጠውበት አያለሁ። ከሥሩ «ጀግና!» የሚለው አስተያየት ይጎርፋል። ያኔ ነው ደሜ የሚፈላው።

አባባሉ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ውሃ ሲገባ አይደናበርም፣ ለብ ባለ ውሃም ችሎታው ያወጣዋል። ዩኮን ግን ከበረዶ ግግር የሚነሣ ወንዝ ነው፤ በሐምሌ እንኳ እጅ ያደነዝዛል። ከ15 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር መዋኘት አይደለም። ሳይፈልግ አየር በኃይል ይስባል። በዚያች ቅጽበት አፉ ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ጉብዝና አያግደውም፤ ትእዛዙ የሚመጣው ብርዱን ካወቀው ቆዳ ነው።

በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የብርድን ጉዳት ያጠኑት ጎርደን ጊዝብሬክት ነገሩን በ3 ቁጥሮች ያስተምራሉ፦ 1፣ 10፣ 1። ትንፋሽን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር እሺ የሚሉበት 10 ደቂቃ፣ ራስን እስከ መሳት 1 ሰዓት። ሰውነት ደሙን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስብ ክንድ ይዝላል፤ ያኔ ዋናተኛውም ዋና የማያውቀውም እኩል ናቸው። «ብርድ ገደለው» የምንለው አብዛኛው ሰው የሚሞተው ብርዱ ውስጡ ሳይዘልቅ፣ ሰጥሞ ነው። ያቺን የመጨረሻዋን 1 ሰዓት የሚያገኛት አፍና አፍንጫውን ከውሃ በላይ የሚይዝለት ነገር የለበሰ ብቻ ነው።

«ስገለበጥ እለብሰዋለሁ» የሚሉም አሉ። በደነዘዘ ጣት፣ ትንፋሽ እየተቆራረጠ፣ ዚፕ ሊዘጉ? የተገለበጠ ታንኳን እኮ ነፋስ ከዋናተኛ አስቀድሞ ይወስደዋል፤ ጃኬቱም አብሮ ይሄዳል። ብቻውን ለወጣ ሰው ደግሞ አባርሮ የሚመልስለት የለም። ፊሽካውም፣ ክብሪቱም፣ የሳተላይት መልእክት መላኪያውም ከኪሱ ካልሆነ የሱ አይደለም።

ጃኬት ብቻውን ዋስትና ነው አልልም። የኖርዝ ፌስ ኩባንያ መሥራች ዳግላስ ቶምፕኪንስ ዕድሜውን በተራራና በወንዝ ያሳለፈ ሰው ነበር። በዲሴምበር 2015 እ.ኤ.አ. ቺሊ ውስጥ፣ ጄኔራል ካሬራ ሐይቅ ላይ ነፋስ ካያኩን ገለበጠበት፤ የሞተው በብርድ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ብትወጣም ልብስ የሚመረጠው ለውሃው ነው።

ከተገለበጡ በኋላ ታንኳውን ይዞ መቆየት ወይስ ወደ ዳር መዋኘት? እዚህ ላይ ለሁሉም ቦታ የሚሆን መልስ የለኝም። ዳሩ ጥቂት ቀዘፋ ያህል ከሆነ እዋኛለሁ፤ ላበርጅ ሐይቅ መካከል ከሆነ ታንኳውን አልለቅም።

ላበርጅን ካነሣን፣ «ወንዙ ራሱ ይወስድሃል፣ ነፋስ ምን ያመጣል?» ለሚሉትም መልሱ እሱ ነው። ዩኮን እዚያ ሲደርስ 50 ኪሎ ሜትር ግድም የሚረዝም ሐይቅ ይሆናል፤ የሚገፋ ፍሰት የለም ማለት ይቻላል። ወንዙ ላይም ቢሆን ፍሰቱን የሚቃወም ነፋስ ማዕበሉን ሽቅብ ያስነሣዋል። ማለዳ መቅዘፍ፣ ነፋሱ ሲነሣ ዳር መያዝ ነው።

«ባዶ ታንኳ ቀላል ነው» የሚለውም ለብቸኛ ቀዛፊ አይሠራም። ከኋላ ሲቀመጥ የታንኳው አፍንጫ ይነሣል፤ ከፊት የሚመጣው ነፋስም እንደ ሸራ ይዞ ያዞረዋል። ጓዙን ወደ ፊት መጫን፣ ራስም ወደ መሃል ተጠግቶ መንበርከክ ነው።

አረቄስ? ሞቀኝ የሚያሰኘው ደሙ ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ነው፤ የውስጡ ሙቀት በዚያው ያመልጣል።

ትናንት ወዳጄ አዲስ ፎቶ ላከ። ጃኬቱን ለብሷል። ዚፑ ግን እስከ እምብርቱ ክፍት ነው።