ቤቱ አንድ፣ ዕድሜው ሦስት

እንጅባራ ዙሪያ ያረጀ ክብ ሣር ቤት ደጃፍ ቆሞ «ስንት ዓመቱ ነው?» የሚል ሰው አንድ መልስ ባይጠብቅ ይሻለዋል። ክዳኑ ያምና ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ጭቃው ሲረግፍ፣ ሲመረግ፣ ደግሞ ሲረግፍ የኖረ ነው። መሐሉ ላይ የቆመውን ምሰሶ ግን አያት ተክለውት ይሆናል። ቤቱ አንድ ነው፤ ዕድሜው ሦስት። የቤቱን ታሪክ ለመመዝገብ የተነሣ ሰው መጀመሪያ ይህን ካልተቀበለ መዝገቡ ከመነሻው ይሳሳታል።

እንጅባራ ያለችበት አዊ ዝናብ የማይሰስትበት አገር ነው። እንጅባራ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። ይኸው ዝናብ ቤቱን የሚያበሰብሰውም፣ የሚሠራበትን ሣርና ቀርቀሃ የሚያበቅለውም ነው። ቀርቀሃው አጥር ይሆናል፣ ተሰንጥቆ ማገር ይሆናል፣ ተጠልፎ መጋረጃ ግድግዳ ይሆናል። ለቤት የሚቆረጠው ግን ቢያንስ 3 ዓመት የሞላው ነው፤ ለጋው ውስጡ ስታርች ስለሚበዛ ነቀዝ ይረባረብበታል።

አማርኛ የሚናገር ሰው በዚህ ቤት ገብቶ ባያውቅም ውስጡን በቃል ያውቀዋል። ያገባ ሰው «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ለአገር የሚተርፈውን ሰው «ዋልታና ማገር» ብለን ስናሞግስ ቃሉን የተበደርነው ከዚህ ቤት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትም የቆመችው እዚህ ነው፤ ከጓዳው በላይ፣ ከጣሪያው በታች፣ እህልና ዕቃ የሚሰቀልበት ቆጥ ሥር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በክቡ ዙሪያ ቦይ ይቆፈርና እንጨቱ ጥቅጥቅ ብሎ ይተከላል፤ በቀርቀሃ ማገር ይታሰራል፤ ከዚያ ጭቃ ይለጠፍበታል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ይቆያል፤ ካልበሰለ ደርቆ ይሰነጠቃል። ወራጆቹ ከግድግዳው ተነሥተው ምሰሶው አናት ላይ ይገናኛሉ፤ ሣሩ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይከደናል፤ ጫፉ ላይ የተደፋ ማሰሮ ይቀመጣል፤ ውኃ በአናት እንዳይገባ። ሥራው የደቦ ነው፤ ባለቤቱ ጠላውን ይደግሳል፣ ጎረቤት ትከሻውን ያመጣል።

ለምን ክብ ሆነ? አንዱ ምክንያት በሜትር ይለካል። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 6 ሜትር የሆነ ክብ ቤት 19 ሜትር ያህል ግድግዳ ይበቃዋል፤ ያንኑ ወለል በአራት ማዕዘን ለመያዝ ከ21 ሜትር ከፍ ያለ ይጠይቃል። እንጨትም ጭቃም ይተርፋል። ዋጋው ደግሞ ክብ ቤት አለመቀጠሉ ነው፤ ቤተሰብ ሲበዛ ክፍል አይጨመርበትም፣ አጠገቡ ሌላ ቤት ይሠራል። የጎጃም ክብ አብያተ ክርስቲያናት ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት እያሉ አራት ማዕዘኑን መቅደስ በክብ ላይ ክብ መክበባቸው የዚሁ ጥበብ ታላቅ ወንድም ነው።

ጭሱን ሳላነሣ ባልፍ ቤቱን አላወቅሁትም ማለት ነው። ጭስ መውጫ የለውም፤ ከምድጃው የተነሣው ጭስ ሣሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ሲወጣ ጥላሸቱን እየለጠፈ ማገሩን ያጠቁራል፣ ሣሩን ያደርቃል፣ ተባይ ያባርራል። ሰው የለቀቀው ሣር ቤት ቶሎ የሚወድቀውም እሳቱ ስለጠፋ ነው። ያው ጭስ ግን ዓይንና ሳንባ ይበላል። ቆርቆሮ ያለበሰውን ገበሬ ልወቅሰው ያልቻልሁት ለዚህ ነው፤ እኔ ፎቶ ላንሳ ብዬ እሱ ጭስ ይጠጣ?

ደግሞም ሣሩ ጠፍቷል፤ የግጦሹ መሬት ታርሷል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል የሚሸጥ ሰው ብር ሲይዝ ለውጡ ጣሪያው ላይ ቢታይ አይገርምም። ታዲያ የሚጠፋውን ቤት ማን ይመዝግበው? የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ይሁንና የገበሬ ቤት ከቤተ መንግሥት ጋር ተራ ቢይዝ መቼም አይደርሰውም። ስለዚህ ሜትር መዘርጊያና እርሳስ የያዘ ተማሪ ቢጀምረው ይሻላል።

አለካኩ ከባድ አይደለም። ክቡ እውነተኛ ክብ ስለማይሆን ከምሰሶው እስከ ግድግዳው በ12 አቅጣጫ፣ እንደ ሰዓት ቁጥሮች፣ ይለካል። ወራጆቹ ይቆጠራሉ፤ እስሩ ይሣላል። ምስማር የገባበት እንጨትና በልጥ የታሰረ እንጨት እኩያ ላይሆኑ ይችላሉ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ስለሆነ ጽዱና ባሕር ዛፉ የቆሙበት ቦታ ለብቻ ለብቻ ይጻፋል። ሽማግሌውን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ማለት ብዙ አያዋጣም፤ «እዚህ ቤት ማን ተወለደ?»፣ «በ1928 ጣልያን ሲገባ ቆሞ ነበር?»፣ «በ1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅስ?» ማለት ያዋጣል።

የአዊዋ ዳንግላ ለመለካት እንግዳ አይደለችም። የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. እዚያ የተቀመጠው ቺዝማን ጣናንና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ በካርታ አስፍሮ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። ምሰሶ ለመለካት ያን ያህል መንገድ አያስፈልግም።

ከልኬቱ ይልቅ ቶሎ የሚያመልጠው ቃሉ ነው። በአዊዎች ቋንቋ በአውኛ ቤት «ጝን» ይባላል፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ከተለመደው የአማርኛ ገበታ አያገኟትም። የማገሩን፣ የእስሩን፣ የጋጣውን ስም በአውኛ የሚያውቀው ሠሪው ነው፤ ድምፁ ይቀዳ። የአዊ ሕዝብ ሰባት ቤት አገው ሲባልም «ቤት» ዘር ነው፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም እያለ ይቆጠራል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከስፋቱ ቀጥሎ የባለቤቱ ትውልድ መግባቱ ትርፍ ነገር አይደለም።

የዘገየ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ቤቱ ፈርሶ በቆርቆሮ ቤት ሲተካ ደህና የጽድ እንጨት እንደ ዋዛ አይጣልም፤ የአጥር በር ሆኖ ወይም የበረት ቋሚ ሆኖ ጓሮ ይተከላል። አንገቱን በእጅ ቢዳስሱት ልጡ ዘመኑን ሙሉ ጨምድዶ የያዘበት ጎድጓዳ ቀለበት ይገኛል፤ ከሥሩ እስከዚያ ቀለበት ያለው ቁመት ይለካ።