ቁጣ የመሰለው ፍርሃት

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው የጤና ዓምዳችን ከምግብ ጉዳይ ጥቂት ወጣ ብለን ስለ ልጆች ቁጣ እናወጋለን። ወደ ምግቡ መመለሳችን ግን አይቀርም።

መድረሳ የሚቀራ አንድ ልጅ አለ እንበል። ዝምተኛ ነው። በር በድንገት ሲጋጭ ወይም ሰዎች ጮክ ብለው ሲነጋገሩ ግን ይገነፍላል፤ አጠገቡ ያለውን ይመታል፣ ሲይዙት ይናከሳል። ኡስታዙ «ባለጌ» ይለዋል፣ ጎረቤት «ጂን ነው» ይላል፣ አባት አለንጋ ያነሳል። ሌሊት ፍራሹን እንደሚያረጥብ የምታውቀው እናቱ ብቻ ናት።

በሚያዝያና በሰኔ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ከሁለቱም ወገን ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። ከሬኮ እስከ ገደብ ያለ ሰው ያንን ክረምት አይረሳውም። ያኔ የ4 ዓመት ሕፃን የነበረ ዛሬ ጉርምስና ደጃፍ ላይ ነው። «ልጅ ነበር፣ ምን ያስታውሳል?» የሚሉ አሉ። በቃል ላያስታውሰው ይችላል፤ ሰውነቱ ግን ያስታውሳል።

ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው? አላህ (ሱ.ወ.) አደጋ ሲመጣ እንድንሸሽ፣ እንድንታገል ወይም ደርቀን እንድንቀር የሚያደርግ የማንቂያ ደወል በአንጎላችን ውስጥ አስቀምጧል። ብዙ የደነገጠ ልጅ ዘንድ ይህ ደወል በትንሽ ነገር ይጮኻል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ። ደወሉ ሲጮኽ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል ሥራው ይዳከማል። በዚያች ሰዓት ምክርም ቁጣም አይገባውም። አለንጋማ ደወሉን ይበልጥ ያስጮኸዋል፤ ልጁ የሚማረው አባቱም እንደሚያስፈራ ብቻ ነው።

እንግዲያው ምን ይደረግ? መጀመሪያ የሚረጋጋው ወላጁ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ መምከራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ከልጁ ቁመት ዝቅ ብለው ይቀመጡ፣ ድምፅዎን ይቀንሱ፣ «ደንግጠሃል፣ እኔ አለሁ» ይበሉት። ከፈቀደ እጁን ይያዙ፤ አየር በአፍንጫው አስገብቶ በአፉ ቀስ ብሎ እንዲያስወጣ አብረውት ያድርጉ። ስለ ጥፋቱ መነጋገር ከበረደለት በኋላ ነው። መማታት እንደማይቻል ያኔ በግልጽ ይነገረው፤ የበደለውንም ይቅርታ ይጠይቅ። መራራት ማለት መልቀቅ አይደለም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትንሽ ወፉ የሞተችበትን ሕፃን አቡ ዑመይርን ስለ ወፉ ጠይቀውታል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እያልን ልጆቻችንን የምናሳድግ ሰዎች ይህን ልብ ብንለው ደግ ነው።

ወደ ምግቡ ስንመለስ፦ የተራበና እንቅልፍ ያጣ ልጅ ቶሎ ይገነፍላል። ቁርሱን በሰዓቱ ይብላ፤ ቆጮው ብቻውን ከሚሆን ቦሎቄና ጎመን ይታከልበት። በቡና አገር ይህን መናገር ይከብዳል እንጂ ማታ ማታ ለልጅ ቡና አይሰጥም፤ እንቅልፍ ይነሳዋልና። የመኝታ ሰዓቱ አንድ ይሁን። ከመተኛቱ በፊት ዱዓውን አብረውት ቢሉ፣ ነገ የሚሆነውን አስቀድሞ ቢያውቅ፣ ያልታሰበ ነገር ለሚያስደነግጠው ልጅ ትልቅ እረፍት ነው።

ወላጁም የተጎዳ ሊሆን ይችላል። በጌዴኦ ተፈናቃይ አዋቂዎች ላይ ተደርጎ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የከባድ ድንጋጤ ሕመም ምልክት አግኝቷል። እንቅልፍ ያጣች እናት ልጇን ማረጋጋት ቢያቅታት ጥፋቷ አይደለም፤ እሷም ትታከም።

ሩቅያ የሚያደርግ ያድርግ፤ ሕክምናን ግን አይተካም። ልጁ ራሱን የሚጎዳ ከሆነ፣ ሞትን የሚያወራ ከሆነ፣ ምግብና ትምህርት ከተወ ወይም ቅዠቱና ግንፈላው ከወር በላይ ከዘለቀ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ከዚያ ወደ ዲላ ሆስፒታል ሊልኩት ይችላሉ። ሲሄዱ የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ፦ በስንት ሰዓት ተነሳበት፣ ከዚያ በፊት ምን ሰማ፣ ምን አየ፣ ምን በልቶ ነበር፣ ስንት ሰዓት ተኛ።