ጥርስ የሚመሰክረው አገር፦ ወደ ስምጥ ሸለቆ መመለስና የውሃው ነገር



ንግግሬን ከአዳማ መናኸሪያ እጀምራለሁ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አደግሁበት አገር ተመልሼ ከአውቶቡስ እንደ ወረድሁ ፓፓያ ከሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቆምሁ። ዋጋውን ጠይቄ ፈገግ ስል ትኩር ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አንተ እኮ የዚሁ አገር ሰው ነህ» አሉኝ። «እማማ፣ በምን አወቁኝ?» ብላቸው በጣታቸው የራሳቸውን ጥርስ ነካ አደረጉ። ጥርሳቸው እንደ እኔው ቡናማ ነበር።

አነጋገሬ ተለውጧል፤ መታወቂያዬም የሌላ ከተማ ነው። ጥርሴ ግን የትውልድ ሰፈሬን ሳይደብቅ ይናገራል። ዛሬ የማስረዳችሁ ይህ ምስክርነት ከየት እንደ መጣና ከእኛ ምን እንደሚጠይቅ ነው።

አገሩ እጅግ ተለውጦ አገኘሁት። በልጅነቴ ናዝሬት እንላት የነበረችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 በይፋ አዳማ ወደሚለው ስሟ ተመልሳለች። ዝዋይም ባቱ ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ከአዲስ አበባ ያለውን ጉዞ አሳጥሮታል፤ በአዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይሽከረከራሉ። ሐይቆቹ እንኳ በነበሩበት አልቆዩም። በመተሐራ ያለው በሰቃ ከ1960ዎቹ ወዲህ ከ3 ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ ሆኗል፤ አቢጃታ ደግሞ ዳርቻውን ጥሎ ሸሽቷል። ያልተለወጠው ከመሬት በታች ያለው ነው።

የስምጥ ሸለቆው የአፍሪካ ምድር በሁለት እየተከፈለ የሚሄድበት ስፍራ ነው፤ ክፍተቱ በዓመት በጥቂት ሚሊሜትር ይሰፋል። በወለሉ ላይ የሚታየው ዋነኛ የስንጥቅ ሰንሰለት በሳይንሱ ዓለም የሚጠራው በጎረቤታችን በወንጂ ስም ነው። በዚህ ስንጥቅ የወጣው የእሳተ ገሞራ ዐለት፣ አመድና ፑሚስ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር በብዛት ይዟል። በሞቃቱ ምድር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ውሃ ፍሎራይዱን ከዐለቱ እየፈታ ይወስዳል።

ካልሲየም በበዛበት ውሃ ፍሎራይድ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ይዘቅጣል። የእኛ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ግን በአብዛኛው ሶዲየም የበዛበትና ካልሲየም ያነሰው በመሆኑ ፍሎራይዱ ሟሙቶ እንዳለ ይቀራል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም፤ ስለዚህም ማንም አይጠረጥረውም። ከደጋው የሚወርደው አዋሽ በአንጻሩ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ነው፤ አዳማም ዛሬ እርሱን አጣርታ ትጠጣለች። እኔ ያደግሁት ግን ከከተማው ርቆ፣ በሞጆና በመቂ መካከል ባለች መንደር፣ ከጥልቅ ጉድጓድ በሚቀዳ ውሃ ነው።

ይህ ውሃ በጥርስ ላይ የሚሠራው በአንድ የዕድሜ ክልል ብቻ ነው። የቋሚ ጥርሶቻችን ውጫዊ ሽፋን የሚሠራው ከውልደት አንሥቶ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሳለ ነው። በዚህ ጊዜ ፍሎራይድ ከመጠን ሲያልፍ ሽፋኑ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለውና ልል ሆኖ ይሠራል። ጥርሱ እንደ ኖራ የነጣ ሆኖ ይበቅላል፤ ቡናማው ቀለም የሚመጣው በኋላ ነው። ጥርሱ ካለቀለት በኋላ ወደ አገሩ የመጣ ሰው ከዚያው ጉድጓድ ዕድሜ ልኩን ቢጠጣ ጥርሱ እንዲህ አይሆንም፤ የበለዘውም ቦታ በመቀየር አይነጻም። ፓፓያ ሻጯ ሳይስቱ ያወቁኝም ስለዚህ ነው።

ይህንኑ ልዩነት ከብዙ ዓመት በፊት በአሜሪካ ኮሎራዶ የጥርስ ሐኪሙ ፍሬደሪክ ማኬይ ልብ ብሎት ነበር። በዚያ ያደጉት ጥርሳቸው ሲበልዝ አዋቂ ሆነው የመጡት አይነካቸውም ነበር። ምክንያቱ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በአገራችን የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩት የተመረመሩ ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የተለያየ ደረጃ ያለው ምልክት በጥርሳቸው ታይቶባቸዋል። ጉዳቱም በጥርስ አይቆምም። መጠኑ እጅግ ከፍ ያለ ውሃ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንትንና ጅማትን ያደድራል፤ አንገትና ወገብ አልታዘዝ እስኪሉ ሰውን ያሰናክላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ከዚህ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ።

ይህን ሁሉ በኬሚስትሪ መምህርነቴ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልንገራችሁ።

መንደር ስደርስ ታላቅ እኅቴን፣ እትዬ የምላትን፣ የ4 ዓመት የልጅ ልጇን ታቅፋ አገኘኋት። የቦኖ ውሃ ገብቷል፤ በሳምንት ብዙውን ቀን ግን አይመጣም። በማይመጣበት ቀን አሮጌው ጉድጓድ አለ። እትዬ በኩራት እንዲህ አለችኝ፦ «ለእርሷ ዝም ብዬ አልሰጣትም። በደንብ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ነው።»

ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል። ፍሎራይድ ግን ሕይወት ያለው ነገር አይደለምና አይሞትም፤ ውሃው በተነነ መጠን በቀረው ውስጥ እየጠነከረ ይሄዳል። ይህን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «ይህን የምታውቀው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። ከ20 ዓመት በላይ መሆኑን ነገርኋት። በእነዚያ ዓመታት ስንት ጊዜ ስልክ ደውዬ የዝናቡን፣ የበቆሎውን፣ የሠርጉን ነገር ጠይቄአታለሁ። ከየት እንደምትጠጣ ጠይቄአት አላውቅም።

ያን ዕለት ማታ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። ቦኖው በሚመጣበት ቀን ሁለት ጀሪካን ሞልተን ለሕፃኗ መጠጥና ለምግቧ ማብሰያ ብቻ ለየን፤ ወጡና ገንፎው የሚሠራበት ውሃም ይቆጠራልና። የጉድጓዱን ውሃ ለልብስና ለዕቃ አጠባ ተውነው። ለክረምት ከቆርቆሮው ጣሪያ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም በርሜል አዘጋጀን፤ የዝናብ ውሃ ከዐለቱ ጋር ስላልኖረ ፍሎራይዱ እጅግ አነስተኛ ነው። ወተት ከተገኘ ካልሲየሙ ይረዳል። ለፊት ጥርሶቿ ጊዜው እያለቀ ነው፤ ለኋላዎቹ ግን ገና ዓመታት አሉ።

ከቤት አልፎ ለመንደር የሚሆኑ መንገዶችም አሉ። በሕንድ ናልጎንዳ በተባለ ስፍራ የተጠራው ዘዴ አሉምና ኖራ በውሃው ላይ ጨምሮ ፍሎራይዱን ማዝቀጥ ነው፤ ዋጋው አነስተኛ ቢሆንም በየዕለቱ ልኩን የሚጠብቅ እጅ ይፈልጋል። የከብት አጥንት ከሰል ፍሎራይድን በደንብ ይይዛል፤ ሆኖም በየጊዜው መለወጥ አለበት፤ «የምን አጥንት ነው?» የሚለውን የሃይማኖትና የልማድ ጥያቄም መመለስ ያስፈልገዋል። ዘላቂው መፍትሔ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ከሆነ ምንጭ ውሃ በቧንቧ ማምጣትና ሳይቋረጥ ማድረስ ነው። እዚያ እስክንደርስ ድረስ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ መለካት አለበት፤ ተጠጋግተው የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች መጠናቸው እጅግ ሊለያይ ይችላልና።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል ፎቶ ሲነሣ ከንፈሩን የሚገጥም እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ለብዙ ዓመታት ገጥሜአለሁ። ጥርሳችን የቆሻሻነታችን ምልክት አይደለም፤ በልጅነታችን ምን እንደ ጠጣን የሚገልጽ መዝገብ ነው። የእኛ ተጽፎ አልቋል። የታናናሾቻችሁ ግን ገና በመጻፍ ላይ ነው። ስለዚህ ለዕረፍት ወደየመጣችሁበት ስትመለሱ ከጉድጓዱ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛችሁ ወደ ቤተ ሙከራ ኑ፤ ውጤቱንም ለቀዳችሁበት ቤት ተመልሳችሁ ንገሩ። እኔ ይህን ለማድረግ 31 ዓመት ፈጅቶብኛል።